የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ነዳጅና አየር በደንብ እንዲያገኝ፦ ካርቡሬተሩን ከመሞረዳችሁ በፊት

ሞተሩ መሬት ላይ ጥሩ ይዞራል። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ስታደርጉት ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ይሄ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው ጣቱን የሚቀስረው ካርቡሬተሩ ላይ ነው። «ጉሮሮው ጠቦበት ነው፣ ትንሽ እናስፋው» ይባላል፣ ሞረድ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ጭራሽ አልነሳም ይላል።

እስቲ ቆዩ። አየር ማግኘት ለሞተር ቀላል ነው፣ በዙሪያው ሞልቷል። የሚቸግረው ነዳጁ ነው። ከታንኩ ተነስቶ፣ በጎማ ተስቦ፣ በፊልትሮ አልፎ፣ በመርፌዋ (ነዳጁን በምትመጥነው ቀጭን ብሎን) ጠባብ በር ሾልኮ መድረስ አለበት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ፓምፕ። ስለዚህ ሥራውን ከታንኩ ጀምረን ወደ ካርቡሬተሩ እንመጣለን፣ የአየሩን መንገድ የምንነካው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ጎማ ይቀየራል፣ የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም።

እዚህ የማወራው በዋናነት ሜታኖል ስለሚጠቀሙ፣ ግሎው ካንዴላ (በግለቱ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ካንዴላ) ስላላቸው ቱ ስትሮክ ሞተሮች ነው። ለፎር ስትሮኮቹም አብዛኛው ነገር ያው ነው። የቤንዚኖቹ ካርቡሬተር ለየት ስለሚል መጨረሻ ላይ ለብቻው እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ሂሳብ

ካርቡሬተር ማለት አየር የሚያልፍበት ጠባብ ጉሮሮ ነው። አየሩ ሲጠበው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያ ስለሚበልጥ ነዳጁ ወደ ጉሮሮው ይመጣል። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

አሁን የጉሮሮው ዲያሜትር 8 ሚሊሜትር ነው እንበል። በመሃሉ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ነዳጅ የምትረጨው ቱቦ አቋርጣ ታልፋለች። የክቡ ስፋት 50 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ቱቦዋ 24ቱን ትይዛለች፣ ለአየሩ 26 ይቀረዋል። ጉሮሮውን 9 ሚሊሜትር አድርጉት። ክቡ 63.6 ይሆናል፣ ቱቦዋ 27 ትይዛለች፣ የሚቀረው 36.6 ነው። አያችሁ? 1 ሚሊሜትር ብቻ ጨምራችሁ የአየሩ መንገድ 39 በመቶ ገደማ ሰፋ። ሞተሩ ያንኑ መጠን አየር ቢስብ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የግፊቱ መውረድ ደግሞ የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል የመምጠጥ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከ1 ሚሊሜትር ይሄ ሁሉ መምጣቱ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው።

በሌላ በኩል ታንኩ ከካርቡሬተሩ 15 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነዳጁ ያንን 15 ሴንቲሜትር ሽቅብ መውጣት አለበት። ይሄ 12 ሚሊባር አካባቢ ግፊት ይበላል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል፣ ግን የጉሮሮው መምጠጥም ራሱ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዷ ሚሊባር ዋጋ አላት። ጉሮሮውን አስፍታችሁ መምጠጡን በግማሽ ከቀነሳችሁ በኋላ ሞተሩ ሽቅብ ሲወጣ ለምን እንደሚጠፋ አሁን ግልጽ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሜታኖል መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፣ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም። ጓንት አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ መርፌ የምትነኩት ከፕሮፔለሩ ጀርባ ሆናችሁ ነው፣ ከፊት ወይም ከጎን እጃችሁን አሳልፋችሁ አይደለም። አውሮፕላኑን በደንብ የሚይዝ ሰው ወይም ጠንካራ ማሰሪያ ይኑር። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። የተንጠለጠለ ገመድ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ልብስ ከአካባቢው ይራቅ።

1. ታንኩ

ከፍታው ላይ አትቀልዱ። የታንኩ መሃል ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ ከምትረጨው ቱቦ ጋር እኩል ወይም ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። ከፍ ካለ ነዳጁ ሞተሩ ቆሞም በራሱ ይፈሳል፣ ክራንክኬዙ (ከሲሊንደሩ በታች ያለው የሞተሩ ሆድ) ይሞላል፣ ስታስነሱት ፕሮፔለሩ ደርቆ አልዞርም ይላል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ ነዳጅ ያጥረዋል። ታንኩ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ መሬት ላይ ምንም ላይታወቅ ይችላል፤ አየር ላይ ግን 5 ጂ (የመሬት ስበት 5 እጥፍ) የሚሆን ጠንከር ያለ መታጠፍ ስታደርጉ ያቺ 2 ሴንቲሜትር እንደ 10 ትከብዳለች። «ሉፕ (ሽቅብ ወጥቶ የሚመለስ ክብ ዙረት) ሲሠራ ብቻ ይጠፋል» የሚባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

ርቀቱም ያው ነው። ሞተሩ ከታሰረበት የፊት ግድግዳ ጋር በተቻለ መጠን ተጠጋግቶ ይቀመጥ። ክብደት ለማመጣጠን ተብሎ ታንኩ ወደ ኋላ ሲገፋ አያለሁ። ለዚያ ባትሪውን አንቀሳቅሱ እንጂ ታንኩን ተዉት።

ታንኩን ክፈቱ። ውስጡ ጫፏ ላይ ክብደት ያላት ለስላሳ ጎማ አለች፣ አውሮፕላኑ በተገለበጠ ቁጥር ነዳጁን ተከትላ የምትወድቀው እሷ ናት። ሦስት ነገር እዩ። የኋላውን ግድግዳ መንካት የለባትም፣ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል ትራቅ፣ አለበለዚያ ግድግዳው ላይ ትለጠፍና ትዘጋለች። ታንኩን ስታገላብጡት በነፃነት ወደ ላይም ወደ ታችም ትውደቅ፣ ድምፁ ይሰማል። ጎማዋ ደግሞ አልደረቀችም ወይ? በጊዜ ብዛት ትጠነክራለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ከሁሉም ይልቅ ኃይለኛ ማረፍ ካጋጠመ ወደ ፊት ታጥፋ ትቀራለች። ወደ ፊት የታጠፈች ጎማ ተንኮለኛ ናት፦ አውሮፕላኑ መሬት ላይ አግድም ሲቆም ነዳጅ ታገኛለች፣ አፍንጫው ሲነሳ ነዳጁ ወደ ኋላ ሸሽቶ እሷ አየር ትስባለች። ምልክቱ ከላይ ካየነው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፣ ለዚህ ነው ታንኩን ሳይከፍቱ ካርቡሬተር ማሳደድ ጊዜ ማባከን የሚሆነው።

የመዳብ ቱቦዎቹን ጫፍ ደግሞ በደንብ እዩት። ቱቦ መቁረጫ የሚሽከረከር ምላጭ ስላለው ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ከውጭ ስታዩት ደህና ይመስላል፣ ቀዳዳው ግን ጠቧል። በቀጭን ትራፓኖ ጫፍ በእጅ አዙራችሁ ክፈቱት፣ ብናኙን አጥባችሁ አውጡ።

ታንኩን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ከእንጨቱ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ የሞተሩ ንዝረት ነዳጁን አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ግማሹ አየር ነው። ስፖንጁን አጥብቃችሁ አትጠቅጥቁት፤ ከተጠቀጠቀ ንዝረቱን ያስተላልፋል፣ ያኔ ባይኖር ይሻል ነበር።

2. ከማርሚታው ግፊት መውሰድ

ማርሚታው ላይ ትንሽ የጎማ መሰኪያ ካለ፣ ከሱ እስከ ታንኩ የአየር ቱቦ ድረስ ጎማ ዘርጉ። የጭሱ ግፊት ታንኩ ውስጥ ገብቶ ነዳጁን ይገፋዋል። ሞተሩ ሲበረታ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከነዳጁ ፍላጎት ጋር በግምት አብሮ ይሄዳል። ይሄ ያልተገጠመላቸው ብዙ ሞተሮች አሉ። ከሁሉም ማሻሻያ በፊት መሞከር ያለበት ይሄ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን ከገጠማችሁ በኋላ ዋናዋ መርፌ እንደ ድሮው አትሆንም። ነዳጅ ስለሚበዛ ወደ ውስጥ ማጥበቅ ያስፈልጋችኋል። ታንኩም አየር የማያስወጣ መሆን አለበት። ክዳኑ ትንፋሽ ካለው ግፊቱ በዚያ ይወጣል፣ ልፋታችሁም ከንቱ ይሆናል።

3. ጎማና ፊልትሮ

ለሜታኖል የሲሊኮን ጎማ፣ ለቤንዚን ደግሞ ቤንዚን የሚችል ጎማ። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ይበጠሳል። አታቀያይሯቸው።

ጎማው ሲታጠፍ አይጠብ፣ ስለታም እንጨት ላይ አይተሻሽ፣ ከማርሚታው ይራቅ። ዓይን የማያያት ቀዳዳ ብዙ ጉድ ትሠራለች። ነዳጅ አታፈስም፣ አየር ግን ታስገባለች። እንዲህ ፈትሹ፦ ጎማውን ፍቱ፣ አንዱን ጫፍ በጣት ድፈኑ፣ በሌላው በሲሪንጅ አየር እየገፋችሁ ውኃ ውስጥ አስገቡት። አንዲት አረፋ ካያችሁ ጎማውን ጣሉት። መጠገን ብሎ ነገር የለም።

ፊልትሮ አንድ ይበቃል። ሲደፈን መንገዱን ይዘጋል፣ መገጣጠሚያው ሲላላ አየር ይስባል። እኔ የምመርጠው ዋናውን ማጣራት ነዳጁ ወደ አውሮፕላኑ ሲሞላ፣ ጀሪካኑ ላይ ማድረግ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ያለውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ፈትቶ ማጠብ።

አሁን ጠቅላላውን መንገድ ባንድ ጊዜ ፈትኑ። ታንኩን ሙሉ፣ የአየሩን ቱቦ ክፍት ተዉ፣ ጎማውን ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ በሲሪንጅ ትንሽ ሳቡና ጫፉን ከታንኩ በታች አውርዱት። ነዳጁ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ አንድ ቦታ ተደፍኗል። መሃል መሃል ላይ አረፋ ካለ አየር ይገባል።

4. ትንፋሽ ማደን

እዚህ ረጋ በሉ፣ ብዙ የ«ካርቡሬተር ችግር» በእውነቱ የትንፋሽ ችግር ነው። ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ያልገባ አየር ካገኘ ሚኒሞው (ዝቅተኛው ዙር) አይረጋም፤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይሞታል። ዛሬ ያስተካከላችሁት መርፌ ነገ አይሠራም።

የሚፈተሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የካርቡሬተሩ አንገት ክራንክኬዙ ውስጥ የሚገባበት ኦሪንግ (ክብ ማሸጊያ ጎማ)፣ የመርፌዋ ክር፣ የኋላ ክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ የፊት ኩሽኔታው።

አንገቱን ስትገጥሙ ካርቡሬተሩን ወደ ታች በጣት እየተጫናችሁ ብሎኑን አጥብቁ፣ ኦሪንጉ እንዲጨፈለቅ። ዝም ብላችሁ ብቻ ካጠበቃችሁት ኦሪንጉ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። የመርፌዋ ክር ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ አጭር የሲሊኮን ጎማ ቆርጣችሁ መርፌዋና መያዣዋ መገናኛ ላይ አጥልቁ፣ ትንፋሹም ይቆማል፣ መርፌዋም በንዝረት አትዞርም። የኋላ ክዳኑን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ።

ካርቡሬተሩን ብቻ ለመፈተሽ ፍቱት፣ መርፌዋን ዝጉ፣ የነዳጅ መግቢያው ላይ ሲሪንጅ ያለው ጎማ ሰክታችሁ ውኃ ውስጥ አስገቡና በስሱ ግፉ። አረፋው ከመርፌዋ ጭራ በኩል ከወጣ ኦሪንጓ አልቋል። ከውስጥ ነዳጁ ከሚረጭበት ቀዳዳ ከወጣ ደግሞ መርፌዋ በደንብ አልተዘጋችም ወይም ተጎድታለች። ስትዘጓት አታስጨንቋት፣ ጫፏ ላይ ቀለበት ከተሠራ ከዚያ በኋላ በልኩ አትስተካከልም።

ኩሽኔታው በፊት በኩል ትንሽ ዘይት መርጨቱ ያለ ነው። ሚኒሞው አልረጋ ብሎ ፊቱ ሁሉ በዘይት ሲታጠብ ግን ኩሽኔታው ጊዜው ደርሷል።

5. ካርቡሬተሩን ማጠብና መክፈቻውን ማስተካከል

የካስተር ዘይት ሲደርቅ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። ኦሪንጎቹንና መርፌዎቹን አውጡ፣ የቀረውን ሜታኖል ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ፣ በአየር ንፉ። ሽቦ አታስገቡ። ቀዳዳዋ ትንሽ ብትሰፋ ወይም ብትቧጨር ያ ካርቡሬተር አበቃለት ማለት ነው።

የነዳጅ ቱቦዋ በነፃ የምትዞር ዓይነት ከሆነች የቀዳዳዋን አቅጣጫ እዩ። ወደ ሞተሩ ውስጥ ማየት አለባት። ወደ ላይ፣ ወደ መጪው አየር ከዞረች አየሩ ይደፍናታል፣ መምጠጡም ይደክማል። ሲፈቱ ሲገጥሙ ሳይታወቅ የምትዞር ስለሆነች ከመፍታታችሁ በፊት ምልክት አድርጉባት።

ቀጥሎ የመቆጣጠሪያውን ሬዲዮ ክፈቱ፣ ትሮትሉን (የፍጥነት ማንሻውን) እስከ መጨረሻ ግፉ፣ በጉሮሮው ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የሚዞረው በርሜል ቀዳዳ ከጉሮሮው ጋር ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሟል? ጫፉ ላይ እንደ ቀጭን ጨረቃ የቀረ ብረት ካያችሁ ሙሉ አየር እያገኘ አይደለም። ይሄ የአየር ማሻሻያ ነው፣ ያለ ሞረድ፣ ያለ ወጪ፣ የሰርቮውን (በርሜሉን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር) ዘንግ በማስተካከል ብቻ። ወደ ታች ስትመልሱትና ትሪሙን (የማንሻውን ጥቃቅን ማስተካከያ) እስከ ታች ስትጨርሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፣ ሞተሩን ማጥፋት እንድትችሉ።

6. መርፌዎቹን ማስተካከል

ከዚህ በፊት ያለውን ካልጨረሳችሁ ይህን አትጀምሩ። አዲስ ወይም የታጠበ ካርቡሬተር ከሆነ ዋናዋን መርፌ ዘግታችሁ ከ2 እስከ 2 ተኩል ዙር ክፈቱ፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ሞተሩን አስነሱና ይሙቅ። በቀዝቃዛ ሞተር መርፌ አይስተካከልም።

ትሮትሉን ሙሉ ክፈቱ። መርፌዋን ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አጥብቁ፣ በእያንዳንዷ ጠቅታ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ። ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ መጨመሩን ያቆማል። ጫፉ እሱ ነው። እዚያ አትተዉት! ከ200 እስከ 400 ዙር በደቂቃ እስኪቀንስ መልሳችሁ ላሉት። ይህን በጆሮ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ታኮሜትር (ዙር መለኪያ) ካላችሁ አትከራከሩ፣ ተጠቀሙበት። ነዳጅ ያጠረው ሞተር ዘይትም ያጥረዋል፣ ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ነውና። ፒስተኑ የሚበላው በዚህ ነው።

አሁን ጎማውን በጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ወዲያው ልቀቁ። ዙሩ ለቅጽበት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ትርፍ ነዳጅ አለው። ምንም ሳይጨምር ወዲያው ከወረደ መርፌዋ ጠብቃለች። ከዚያ ረዳታችሁ አውሮፕላኑን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ያንሳው፣ ለ10 ሰከንድ ያህል። ትንሽ ቢጨምር ደስ ይበላችሁ። ከቀነሰ ግን መርፌዋን ሁለት ሦስት ጠቅታ ላሉና ድገሙ። ያልተስተካከለ ሞተር ይዞ መነሳት አያዋጣም፣ አየር ላይ ቢጠፋ ማረፊያው የት እንደሚሆን አይታወቅም።

ዋናዋ ካለቀች በኋላ ሚኒሞው። ትሮትሉን ወደ 2,500 ዙር አካባቢ አውርዱት። እዚህም ጎማውን ቆንጥጡና ያዙት። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አጥሮታል። ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ቆይቶ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጠፋ ልክ ነው። ረጅም ጊዜ ከቆየና ዙሩ ብዙ ከጨመረ ነዳጅ በዝቶበታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር፣ ካርቡሬተራችሁ ሁለተኛ መርፌ ያለው ከሆነ ማጥበቅ ነዳጅ ይቀንሳል። ፊት ለፊቱ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳና እሷን የምትዘጋ ብሎን ያለው ዓይነት ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፦ ብሎኗን ማጥበቅ አየሩን ስለሚዘጋ ነዳጁ ይበዛል። የትኛው እንደሆነ ሳያዩ ካቻቪቴ ማንሳት አያዋጣም።

ሚኒሞ ላይ ግማሽ ደቂቃ አቆዩትና ትሮትሉን በፍጥነት ክፈቱ። እያጨሰና እየተንተፋተፈ ከተነሳ በዝቶበታል። ድምፅ ሳያሰማ ቀጥ ብሎ ከጠፋ አጥሮታል። ሚኒሞውን ስትነኩ ዋናዋም ትንሽ ስለምትናጋ ተመልሳችሁ አንዴ እዩዋት።

7. አሁን ወደ አየሩ

እዚህ ድረስ ሠርታችሁ ሞተሩ ከረካ፣ እውነቱን ለመናገር ለተራ በረራ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም። ተጨማሪ ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነ ግን እንቀጥል።

ትርፉ ብዙ፣ ጉዳቱ ትንሽ የሆነው የጉሮሮው አፍ ነው። አየር በስለታም ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ይዞራል፣ ይታወካል፣ የቀዳዳውን ጥቂት ክፍል ሳይጠቀምበት ያልፋል። ጠርዙን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ማክበብ ወይም እንደ ጡሩምባ አፍ የተከፈተ አጭር ቱቦ መግጠም አየሩን ያስተካክለዋል። ቱቦው ሌላም ጥቅም አለው፣ ከጉሮሮው ወደ ኋላ የሚተፋውን ነዳጅ ይይዝና መልሶ ያስገባዋል። ይህን ስትሠሩ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ላይ መውረድ አለበት፣ አሸዋው ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ያኔ ጉዱን ታያላችሁ። ከጠርዙ ውጪ ያለውን ጉሮሮ እንደ መስታወት ማጥራት አያስፈልግም፣ ሸካራው ከጠፋ በቂ ነው።

ካውሊንግ (የሞተሩ መሸፈኛ) ካላችሁ አየሩ የሚገባበትን ተመልከቱ። ካርቡሬተሩ የጋለ አየር ከሲሊንደሩ ላይ የሚስብ ከሆነ ጉልበት ያጣል፣ የጋለ አየር ሳሳ ያለ ነውና። የፕሮፔለሩ ንፋስ በቀጥታ ጉሮሮው ላይ እንዲገባ ማድረግም መልካም ይመስላል እንጂ ችግር አለው። ፍጥነቱ በተቀያየረ ቁጥር አየሩ ይቀያየራል፣ ታንኩ ግን ይህን አያውቅም፣ ስለዚህ መሬት ላይ ያስተካከላችሁት አየር ላይ ይፈርሳል። የረጋና ቀዝቃዛ አየር ይሻላል። የካውሊንጉ መውጫ ደግሞ ከመግቢያው ይስፋ፣ በተለምዶ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይደረጋል።

ጉሮሮውን ማስፋት መጨረሻ ነው። በእጅ ትራፓኖ አይሆንም፣ ቶርኖ ላይ ይታሰርና በ0.2 ሚሊሜትር በ0.2 ሚሊሜትር ይሠራ፣ በየመሃሉ በዚያው ፕሮፔለር፣ በዚያው ነዳጅ፣ በተቀራራቢ የአየር ሁኔታ ዙሩ ይለካ። ዙሩ መጨመሩን ሲያቆም አቁሙ። ከዚያ በፊት አፍንጫውን የማንሳት ፈተና ከወደቀ ደግሞ ቀድማችሁ አቁሙ። የተሻለው መንገድ ግን በተቃራኒው መሥራት ነው፤ ሰፊ ካርቡሬተር ይዛችሁ ከውስጡ የሚገቡ የተለያየ ቀዳዳ ያላቸው ቀለበቶች ማስቀረጽ። አንዱ አልሆነም? ሌላውን ማስገባት ነው።

8. ሰፊ ጉሮሮ ካስፈለገ ፓምፕ

ለውድድርና ለአክሮባቲክ የተሠሩ ሞተሮች ሰፊ ጉሮሮ የሚኖራቸው ነዳጁን የሚገፋላቸው ነገር ስላለ ነው። አማራጮቹ ጥቂት ናቸው። በሞተሩ ንዝረት ወይም በክራንክኬዙ ግፊት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለ፣ የፔሪ ፓምፖች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሌላው የክራንክኬዙን ግፊት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ ወደ ታንኩ ወስዶ ካርቡሬተሩ ጋ ሲደርስ በሬጉሌተር መመጠን ነው። ያለ ሬጉሌተር ይህን ከትሮትል ጋር መጠቀም አይቻልም፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ በነዳጅ ይሰጥማል። ለውድድር ብቻ፣ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ለሚበሩት፣ ነዳጁን እንደ ፊኛ በተነፋ ጎማ ውስጥ መያዝም አለ።

በገመድ እየተያዙ ክብ ለሚዞሩት አውሮፕላኖች ጉዳዩ ለየት ይላል። ነዳጁ በዙረቱ ኃይል ወደ ውጪው ግድግዳ ይገፋል፣ ስለዚህ መምጠጫው እዚያ ጥግ ላይ መሆን አለበት። የአየር ቱቦውን ጫፍ ከመምጠጫው ጎን ብታደርሱት ነዳጁ እየጎደለ ቢሄድም ግፊቱ እስከ መጨረሻው አካባቢ አይቀያየርም።

ቤንዚን ላይ

እንደ ዋልብሮ ያሉት ካርቡሬተሮች በውስጣቸው የራሳቸው ፓምፕ አላቸው፣ በክራንክኬዙ የግፊት ምት የሚሠራ ዲያፍራም (የሚርገበገብ ስስ ሽፋን)። ስለዚህ የታንኩ ቦታ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ የማርሚታ ግፊትም አይገጠምም። የሚያስቸግሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ወንፊት። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። የፓምፑን ክዳን ስትከፍቱ ታገኟታላችሁ፣ በቆሻሻ ከተደፈነች ሞተሩ ሙሉ ትሮትል ላይ ይዳከማል። ሁለተኛ፣ ዲያፍራሞቹ። ለረጅም ጊዜ ከነቤንዚኑ ከተቀመጡ ይደርቃሉ፣ ይጠነክራሉ፣ የጥገና ኪት ገዝቶ መቀየር ነው። ሦስተኛ፣ የክራንክኬዙ ምት የሚያልፍባት ቀዳዳና የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ መግጠም አለባቸው። ጓርኒሲዮኑ ተገልብጦ ከተገጠመ ፓምፑ ሥራ ያቆማል፣ ሞተሩም ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል።

አራተኛው ብዙም የማይነገር ነው። ነዳጁን የሚመጥነው ዲያፍራም በላይኛው ክዳን ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለው፣ የውጪውን ግፊት የሚያነብባት። ካውሊንግ ውስጥ ንፋስ ሲመታት ግፊቱ ይቀያየራል፣ ዲያፍራሙ ይሳሳታል፣ ሞተሩ መሬት ላይ ደህና ሆኖ አየር ላይ ያለ ምክንያት ነዳጅ ይበዛበታል ወይም ያጥረዋል። መድኃኒቱ ክዳኑ ላይ ትንሽ የመዳብ ቱቦ በስታኞ አስይዞ፣ ጎማ ቀጥሎ፣ ንፋስ ወደሌለበት ወደ አካሉ ውስጥ መውሰድ ነው። ክዳኑን ለዚህ ሥራ አውጡት፣ ዲያፍራሙ ላይ ሆኖ እሳት አይነካውም።

መርፌዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዷ ለሚኒሞ አንዷ ለሙሉ ፍጥነት። ሁለቱንም ከ1 ተኩል ዙር አካባቢ ጀምሩ። ከግሎው ሞተር በተለየ መጀመሪያ ሚኒሞዋን፣ ቀጥሎ የሙሉውን፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሚኒሞዋን።

ቦታና አየር ሲቀየር

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት 18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ነዳጁም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፣ መርፌዋ ትጥበቅ። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ትንሽ ላሉላት። በጠዋት ያስተካከላችሁት በቀትር ነዳጅ ቢበዛበት ሞተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ናይትሮሜቴን (ለጉልበት ነዳጁ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ) የበዛበት ነዳጅ ስትቀይሩም ሞተሩ ብዙ ስለሚጠጣ መርፌዋ ትከፈት፤ ወደ ያነሰው ስትመለሱ ትጥበቅ። በየቀኑ የመጀመሪያው በረራ ከመነሳቱ በፊት የጎማ መቆንጠጡንና አፍንጫ ማንሳቱን ድገሙ፣ ሁለቱ ተደምረው አንድ ደቂቃ አይሞሉም።